ለቲቢ እልል ያለች ሴት

ባለፈው ሳምንት ከሳቢያን ወደ ከዚራ በሚኒባስ ስሄድ በመስኮት ሰበብ ጠብ ተነሳ። ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በግንቦት! ከኋላ የተቀመጠ ወጣት መስኮቱን ከፈተ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች አንዲት እናት ደግሞ «ዝጋው ልጄ፣ ነፋስ ይመታኛል» ብላ መልሳ ዘጋችው። ከፈተ፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተ። ረዳቱ ሁለቱንም ተቆጣ። ሰው ሁሉ በላብ ተጠምቆ ሳለ ግማሹ ተሳፋሪ ከእናትየው ጋር ወገነ። እኔ ብቻዬን ሳቅ ጀመርኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ገልመጥ አድርጋኝ ጠጋ አለች፤ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ለብቻዋ ስትስቅ ማን ደስ ይለዋል? ምን ላድርግ፣ እትዬ ሙሉነሽ ትዝ ብላኝ ነው።

እትዬ ሙሉነሽን ያወቅኳት ጅቡቲ ነው፤ የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው። ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ምላሳም ነበርኩ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከሱና ከጓደኞቹ የለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ነበረችኝ፤ እሷን ተማምኜ ነው ድንበር የተሻገርኩት። ቀን ቀን ቡላኦስ በሚባል ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት እሠራለሁ፤ ሥራዬን ስጨርስ ካርቲዬ ዱ ወደተከራየናት ክፍል እመለሳለሁ። ጅቡቲዎች ብዙውን ሰፈር በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ካርቲዬ ዱ ማለት ሰፈር ሁለት ማለት ነው። «የተከራየናት» ስል ደግሞ ዘጠኝ ሴቶች ማለቴ ነው።

ዘጠኝ ሴቶች በአንዲት የእንጨትና የቆርቆሮ ክፍል! ፍራሽ ከፍራሽ ገጥመን ስለምንተኛ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጥ ነበር። ክፍሏ አንድ መስኮት ነበራት፤ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ግን ቆርቆሮ መትተውበታል። አንዳንዶቹ ለሌባ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፖሊስ መኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሲያፍስ ሐበሻ መኖሩ እንዳይታይ ነው ይላሉ። እኛም እንክፈተው ብለን አስበን አናውቅም። እኛ ክረምት በምንለው ወራት ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ምድጃ ፊት የቆምሽ ያህል ይለበልብሻል፤ ሰው እንዴት በዚያ አገር ብርድ ይፈራል? እኛ እንፈራ ነበር። ሐበሻ ነና።

እትዬ ሙሉነሽ የኮምቦልቻ ሰው ናት። ወደ አርባው የተጠጋች፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ አርሂባ በሚባለው ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረች ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን «አንቺ» ብላት ክው አለች። እኛ የድሬ ልጆች ደግሞ አንቱታ አልፈጠረብንም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንድ ላይ ነው የምናስኬደው። ትንሽ አየት አድርጋኝ «ግድ የለም፣ አንቺ በይኝ፤ እትዬዋን ግን እንዳትረሺብኝ» አለችኝ። ወሬ አታበዛም። ሌላው ሲጨነቅ «አብሽሪ» ትላለች፣ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ፤ ደግሞ ትሠራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ጀርባ ጠራችኝ።

«ኤልሳ፣ ያ ፈረንሳይኛሽ ሚስጥር ይችላል?»

«እንኳን ሚስጥር ሰላምታም በቅጡ አይችል» አልኳት።

አልሳቀችም። ባሏ የሞተው በኤች አይ ቪ እንደሆነ፣ እሷም በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች ሦስት ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። አሁን ሁለት ወር ሙሉ እያሳላት ነው፤ ልብሷ እየሰፋባት ሄዷል፤ ስትተኛ ላብ ያጠምቃታል። አክታዋን ለምርመራ ሰጥታለች፤ ውጤቱን በማግስቱ ይነግሯታል፤ የሚያስተረጉምላት ሰው ትፈልጋለች። ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ የተወቻት ትርሲት የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዳለቻትም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ወይ ጉድ! ስምንት ወር አጠገቧ ተኝቼ ምንም አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከማዳም አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። ክሊኒኩ በሽተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚና አንድ መጋረጃ ነበረው፤ በር የሚባል የለም። ነርሷ ወፍራም መነጽር ያደረገች የአፋር ሴት ነበረች። ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት ብላ ጠየቀችን። እኔ አፍሬ «ሦስት» ልል ስል እትዬ ሙሉነሽ እጄን ያዘችኝ።

«ምን አለችሽ?»

ነገርኳት።

«ዘጠኝ ነን በያት። መስኮቱም እንደተመታ ንገሪያት። ጠዋት ጠዋትም እህል እንደማልቀምስ። ለሐኪም ዋሽቶ መድኃኒት መቀበል በሌላ ሰው እግር ልክ ጫማ መግዛት ነው።»

ተረጎምኩላት። ነርሷ ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን አይታ የበሽታውን ስም ተናገረች፤ ቲዩበርኪዩሎዝ። ቲቢ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ግን ከመጋረጃው ሥር የማውቀው ጫማ አየሁ፤ የፅጌ ጫማ። ፅጌ ከዘጠኛችን አንዷ ናት፤ የአሠሪዋን ሕፃን ልታስከትብ መጥታ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። ለፅጌ ወሬ መንገር በሬዲዮ ማስነገር ነው። በዚያን ዘመን ደግሞ በእኛ ሰፈር ቲቢ ያለ ሰው ኤች አይ ቪ ያለ ያህል ነበር፤ አንዱን የሰማ ሌላውን ለመጨመር አይሰንፍም። ፅጌ ይህን ከሰማች እትዬ ሙሉነሽ ማደሪያም፣ የምታጥበው ልብስም አይኖራትም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የተማርኳትን፣ መጽሐፍ ላይ እንጂ ሰው አፍ ላይ የማትገኘውን ቃል መረጥኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» አልኳት። ብልጠቴ ለራሴም ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

እትዬ ሙሉነሽ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስንት ጊዜ አለች?»

«ስድስት ወር። በየቀኑ ጠዋት እየመጣሽ እፊቷ ትውጫለሽ። አንድም ቀን እንዳታቋርጪ።»

«ስድስት ወር» አለች። «ደህና ነው። አያንስም።»

ይች ሴት ድንጋይ ናት እንዴ! አልኩ በሆዴ። እኔን ቢሆን ኖሮ ክሊኒኩን በለቅሶ አቀልጠው ነበር።

ስምንት ቀን እየተመላለሰች ዋጠች። በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ዕቃዋን ስታከፋፍል ደረስኩ። ፍራሿን ለፅጌ፣ የከሰል ካውያዋን አጠገባችን ለምትተኛ ልጅ፣ ጃንጥላዋን ለኔ ሰጠች። «አገሬ ልግባ፣ ልጄን ልያት» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፅጌ ፍራሹ ላይ ተንደላቃ ተቀምጣ «እግዜር ያክብርሽ እትዬ» ትላለች። እኔ የነርሷ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ፣ ፅጌ ፊት ደግሞ መናገር አልችል፤ እየተቁነጠነጥኩ ነጋ። ስነሳ እትዬ ሙሉነሽ የለችም።

ያን ቀን አርብ፣ የጅቡቲ የእረፍት ቀን ስለነበር ሥራ አልነበረኝም። አንድ ባጌት ገዝቼ እንቁላል አስደረግሁበትና በሚኒባስ ወደ ባቡር ጣቢያ ከነፍኩ። ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘግይቷል። አባቴ «ባቡር አይዘገይም፣ ሰው ነው የሚቸኩለው» ይል ነበር፤ ያን ቀን ነፍሱን ይማረው አልኩ። ጣቢያው በኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ተሞልቷል፤ ሴቶቹ የቴምር ካርቶን፣ የልባሽ ጨርቅ ጆንያ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይሞላለጫሉ። እትዬ ሙሉነሽ ከነሱ መሀል አንዲት ትንሽ ጥቅል ታቅፋ ተቀምጣለች።

«መድኃኒትሽን ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት ገና ሰላም ሳልላት።

ባጌቱን ተቀብላ ከሁለት ቆረሰችና ግማሹን ለኔ ሰጠችኝ።

«ተይው ልጄ። ለነቀርሳ ምን መድኃኒት አለው? እናቴ የጡት ነቀርሳ ነው የገደላት። ስትውጥ ስትውጥ ነው የሞተች። ስድስቱን ወር እዚህ ኪኒን ስቆጥር ከማልቅ ልጄ አጠገብ ብሆን አይሻልም?»

ያቺ የመጽሐፍ ቃሌ! ሰው ነቀርሳ ሲል ካንሰር ነው የሚታየው። ስድስት ወር ያልኳት ደግሞ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ሳይሆን እሷ የምታልቅበት መስሏታል። ይህን ይዛ ነው ስምንት ቀን ሰው ልብስ ስታጥብ የከረመችው።

«እትዬ፣ ካንሰር አይደለም! ቲቢ ነው!»

«ምን?»

«ቲቢ! ቲቢ! የሚድን ነው! ስድስት ወር ዋጪና ትድኛለሽ ነው ያለችሽ!»

ከመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ ለማለት የፈራሁትን ቃል ጣቢያው መሀል ጮኼ ሦስት ጊዜ አልኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ሙሉነሽ ዓይኗን በዓይኔ ላይ ተከለች፤ የምዋሻት እንደሆነ የምታጣራ ይመስል። ከዚያ ብድግ አለች፤ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እልልታውን አቀለጠችው።

ወሎዬ እልል ስትል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ነጋዴዎቹ ምን እንደተገኘ ሳይጠይቁ ተቀበሏት፤ ደስታ ሲገኝ ማን ይመረምራል? ጣቢያው በእልልታ ተናወጠ። «ልጇ ወልዳ ነው?» ትላለች አንዷ። «ከጂዳ ሰው መጥቶላት ነው» ትላለች ሌላዋ።

«ቲቢ ነው እኮ!» አለች እትዬ ሙሉነሽ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «ቲቢ ብቻ!»

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። አንዲት ሴትዮ ጆንያዋን አንስታ ሦስት እርምጃ ራቅ አለች። እትዬ ሙሉነሽ ይህን ስታይ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ለቅሶ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብዙ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ያለቀስኩት ግን በሀፍረት ነው። ስታበቃ ጥቅሏን አንስታ «ነይ እንሂድ፣ ፍራሼን ላስመልስ» አለችኝ።

ፍራሹን ማስመለስ ቀላል አልነበረም። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ፅጌ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ሌሎቹ ከኋላዋ ተደርድረዋል።

«ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አለች። «ቲቢ ብቻውን አይመጣም። ከምን ጋር እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።»

እኔ ልሳደብ ስዘጋጅ እትዬ ሙሉነሽ ቀደመችኝ።

«ስሙን ለመጥራት ከፈራሽ እኔ ልጥራልሽ። ኤች አይ ቪ። አዎ፣ አለብኝ። ባሌ ያወረሰኝ ሀብት እሱ ብቻ ነው። ደብቄያችሁ ነበር፤ እንዳትሸሹኝ ብዬ ነው። ቲቢውን ግን እኔ ብወጣ ይዤላችሁ የምሄድ መሰለሽ? አንቺ ራስሽ ከጥምቀት ጀምሮ ትስያለሽ።»

«የኔ ጉንፋን ነው። ነፋስ መትቶኝ።»

«በየት በኩል ገብቶ?» አለቻት። ሁላችንም ሳንወድ ያንን በቆርቆሮ የተመታ መስኮት አየን።

ከጎረቤታችን ከአናጢው መዶሻ ተውሳ መጣች። በርጩማ ላይ ወጣች፤ እኔ በርጩማውን ያዝኩ። ምስማሩ ዝጎ አልነቀልም አለ። በየመሀሉ እየቆመች ትስላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ፅጌ ከኋላ «ኧረ በእመቤቴ! ነፋስ ይጨርሰናል!» ትላለች።

«ነፋስ የገደለው ሰው ቀብር ደርሰሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት እትዬ ሙሉነሽ ሳትዞር። «እኔ ቲቢ የገደለው ሰው ቀብር ደርሻለሁ።»

ቆርቆሮው ወደቀ። አቧራና ብርሃን ባንዴ ገቡ። ግድግዳችን አረንጓዴ መሆኑን ያን ቀን አወቅን። ዘጠኛችንም ፍራሾቻችን እንዴት እንደተጣበቁ ቆመን አየን። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ፅጌ ናት። እትዬ ሙሉነሽ የሰጠቻትን ፍራሽ ጠቅልላ መስኮቱ ሥር አነጠፈችላት። «እዚህ ተኚ፤ ነፋሱ አንቺን ይምታ» አለቻት። ይቅርታ ማለቷ ነበር፤ ከፅጌ ከዚህ የተሻለ አይጠበቅም።

በማግስቱ ለነርሷ የሆነውን ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ ቀጥላ ሳቀች፣ በመጨረሻ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው አካሉ ስለሚደክም ቲቢ በቀላሉ ይይዘዋል አለችኝ፤ ግን ቲቢውን የሚያመጣበት የተጨናነቀው ክፍል፣ የተዘጋው መስኮት፣ ባዶ ሆዱና ሰው ያውቅብኛል የሚለው ፍርሃቱ ነው። «ኪኒኑን እኔ እሰጣታለሁ» አለች። «ክፍሉንና እንጀራውን ግን ከየት ላምጣላት?»

ይህን ለቤቱ ሁሉ ተረጎምኩ፤ አሁን በቀላል አማርኛ። ከዚያ በኋላ አራታችን ግቢ፣ አምስታችን ውስጥ መተኛት ጀመርን። እኔ ከማዳም ቤት የተረፈ ዳቦ አመጣለሁ፤ ፅጌ አሠሪዋ የምትጥለውን የዓሣ ጭንቅላት ሾርባ ትሠራለች። እሷንም እየጎተትን ወስደን አስመረመርናት፤ ጉንፋኗ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቻችንም ተመርምረን ነፃ ሆንን። ሁለቱ ጠበኞች በየጠዋቱ ጎን ለጎን ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ ማየት ነበር! ፅጌ መንገዱን ሙሉ ታወራለች፤ እትዬ ሙሉነሽ «አብሽሪ» ትላታለች።

ያደነቅኳት በንግግሯ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልብስ የሚታጠበው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ የእሷ ጠዋት ግን የክሊኒኩ ሆነ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ሲጋደም፣ እሷ አርሂባ ግቢ ውስጥ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ታጥባለች። አንዲት አሠሪ ሳሏን ሰምታ አሰናበተቻት። ኪኒኑ ያቅለሸልሻታል፤ ታስመልስና አፏን ተጉመጥምጣ ትሄዳለች። ካምሲን መጣ፣ ሄደ። ከጣቢያው ከተመለሰች ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠችም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ጉብዝና ማለት አፍ መመለስ ይመስለኝ ነበር፤ የጎበዝ ሰው ልክ ምን እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው።

መጨረሻው ቀን ደረሰ። ነርሷ አክታዋ ንጹሕ መሆኑን ነገረችን፤ በመሀሉ ያስጀመረቻትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንድትቀጥል መከረቻት። እኔ ልተረጉም አፌን ስከፍት እትዬ ሙሉነሽ «ተይ፣ ይሄ ገብቶኛል» አለችኝ። ስንመለስ አንድ የየመኖች ምግብ ቤት ገብተን በእሳት የተጠበሰ ዓሣ፣ በርበሬው ላዩ ላይ የቀላ፣ ከትልቅ ትኩስ ዳቦ ጋር በላን። ጉንጯ ሞልቶ ነበር። በሳምንቱ ወደ ልጇ ልትሄድ ነው፤ አሁን ለመኖር። ያኔ ነው ስድስት ወር ሙሉ ያነቀኝን የጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ነቀርሳ ስልሽ ለምን መልሰሽ አልጠየቅሽኝም? አንድ ጥያቄ ብትጠይቂኝ እኮ ወዲያው እንግባባ ነበር። ሞት ነው ብለሽ ዝም ትያለሽ?»

የዓሣውን አጥንት እያወጣች ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ገፋችልኝ።

«ፊትሽን አላየሽውም» አለች። «ከንፈርሽ አመድ መስሎ ነበር። የሰው ልጅ ናት፣ ገና ልጅ ናት፣ አንዴ መናገሩ እንዲህ ካስጨነቃት ሁለተኛ አላስደግማትም አልኩ።»

ዛሬ እትዬ ሙሉነሽ ያን ጊዜ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። እሷ ኮምቦልቻ አለች፤ መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ትርሲትን ድራ፣ የልጅ ልጅ ታቅፋለች፤ በስልክ አሁንም «አብሽሪ» ትለኛለች። እኔ ስለ ራሴ አንድ ክፉ ወሬ የሰማሁ ቀን ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንኳ አላይም፤ ራሴን ይዤ እጮኻለሁ። ሰው ሁሉ እንደዚያው ይመስለኛል። እሷ ግን ከአንዲት ምላሳም ልጅ አፍ የሞቷን ቀን ሰማሁ ብላ ስታምን፣ ያዘነችው ለልጅቷ ነበር።